የዱላው ምስክር ማን ነው? ስለ «አዎንታዊ ቅጣት» ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በደሴ መምህራን መካከል ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የሰነበተ ጽሑፍ እኔም ዘንድ ደረሰ። ጸሐፊው ጡረታ የወጡ አንጋፋ መምህር ናቸው፤ ብዙዎቻችንን ያስተማሩ፣ በመንገድ ሳገኛቸው ዛሬም ቆሜ እጅ የምነሣቸው ሰው ናቸው። ስማቸውን የማላነሣው ክርክሬ ከጻፉት ነገር ጋር እንጂ ከእርሳቸው ጋር ስላልሆነ ነው። የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። የሥነ ልቦና ሳይንስ «አዎንታዊ ቅጣት» የሚባል ነገር አለው፤ አዎንታዊ የተባለውም ውጤቱ መልካም ስለሆነ ነው። ቶርንዳይክና ስኪነር የተባሉ አሜሪካውያን ሊቃውንት በእንስሳት ላይ ሞክረው አረጋግጠውታል። እኛም ተገርፈን ነው ሰው የሆንነው። ቅጣትን መፍራት የአክብሮት መጀመሪያ ነው። ዱላ ከትምህርት ቤት ከወጣ ወዲህ ተማሪው መረን ወጥቷል፤ ስለዚህ ይመለስ።

ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ተናደድኩ። ሁለተኛ ሳነበው ግን አፈርኩ፤ ከሃያ ዓመት በፊት እኔ ራሴ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሻይ ይዤ የምናገረው ይህንኑ ነበርና። ሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ፤ አርጩሜም ነበረችኝ። የምክር አገልግሎት ባለሙያ የሆንኩት ከዚያ በኋላ ሥነ ልቦና ተምሬ ነው።

ከስሙ ልጀምር፤ የጽሑፉ ግማሽ የቆመው በአንዲት ቃል ላይ ነው። «አዎንታዊ» እዚህ ላይ የሒሳብ ቃል ነው፤ የመደመር ምልክት ማለት ነው። አንድ ሰው አንድ ነገር ካደረገ በኋላ ደስ የማይለው ነገር ቢጨመርበትና በዚህ ምክንያት ያንን ድርጊት ቢቀንስ፣ አዎንታዊ ቅጣት ተቀጣ ይባላል። የሚወደው ነገር ቢወሰድበትና ድርጊቱን ቢቀንስ ደግሞ አሉታዊ ቅጣት ይባላል፤ ይኸኛው የመቀነስ ምልክት ነው። አንዱ ደግ፣ ሌላው ክፉ የሚባልበት ነገር የለም። ከላቦራቶሪ «ፖዘቲቭ» የሚል ወረቀት ይዞ ለወጣ ሰው እንኳን ደስ ያለህ የሚል ያለ አይመስለኝም። ጥፋቱ ግን የጸሐፊው ብቻ አይደለም። አማርኛችን «አዎንታዊ» ሲል ወደ በጎው ያዘነብላል፤ አዎንታዊ ምላሽ፣ አዎንታዊ አመለካከት እንላለን። መጀመሪያ የተረጎመው ሰው «በመጨመር መቅጣት» ብሎት ቢሆን ኖሮ ምናልባት እርሳቸውም ያንን ጽሑፍ ባልጻፉ፣ እኔም ምሽቴን በሌላ ነገር ባሳለፍኩ።

ምሳሌ ከቤት ልውሰድ። ቡና ሲፈላ ሕፃን ልጅ እየዳኸ መጥቶ ጀበናውን ይነካል። ይፈጀዋል፤ እጁን ይሰበስባል፤ ያለቅሳል። በማግሥቱ ረከቦቱ ሲቀርብ ከሩቅ ሆኖ ያያል። ይህ ጥርት ያለ አዎንታዊ ቅጣት ነው። ልብ በሉ፤ ጀበናው አልተቆጣም፣ አልዛተም፣ ቂም አልያዘም። ግን በነካው ቅጽበት ፈጀው፤ ነገም ቢነካው ይፈጀዋል፤ እናቱ ብትኖርም ባትኖርም ይፈጀዋል። ወደዚህ ጀበና እመለሳለሁ።

«ቅጣት» የሚለውም ቃል ቢሆን ጸሐፊው ሳያዩት ያለፉት ነገር አለበት። በዕለት ንግግራችን ቅጣት ማለት ቀጪው የሚያደርገው ነገር ነው፤ ከገረፈ ቀጣ እንላለን። በባህሪ ሥነ ልቦና ግን ቅጣት የሚለካው በተቀጪው ጠባይ ነው። ድርጊቱ ካልቀነሰ፣ የቱንም ያህል ቢያም፣ በዚህ ትምህርት ቋንቋ ቅጣት አይባልም።

በማስተምርበት ዘመን አንድ ልማድ ነበረኝ። የክፍል አለቃው የረባሾችን ስም በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ይሰጠኛል፤ እኔም እንደ ዝርዝሩ ገርፌ ስጨርስ ወረቀቱን በስም መጥሪያው ደብተር ገጾች መሐል አስገባዋለሁ። ለምን እንደማስቀምጠው እንጃ፤ ወላጅ ቢመጣ ለማስረጃ ይሆናል ብዬ ይሆናል። በዓመቱ መጨረሻ ደብተሩን ላስረክብ ስል ወረቀቶቹ ከጉያው ረገፉ። ጎንበስ ብዬ ስለቅማቸው ማንበብ ጀመርኩ። በዚያ ክፍል 64 ተማሪዎች ነበሩ። ጥቅምት ላይ የተጻፉት ዘጠኝ ስሞች ሰኔም ላይ አሉ። ያው ዘጠኝ። በአንዳንዱ ወረቀት ቅደም ተከተላቸው እንኳ አልተለወጠም፤ አለቃው ቀና ብሎ ሳያይ በልምድ የጻፈው ይመስላል። ዱላዬ ቅጣት ቢሆን ኖሮ ስሞቹ ከወረቀቱ ላይ አንድ በአንድ እየጎደሉ መሄድ ነበረባቸው። ዓመቱን ሙሉ ገርፌ አንድም ቀን ሳልቀጣ ከረምኩ ማለት ነው። ጸሐፊው በ40 ዓመት አገልግሎታቸው ዱላ እንደሠራላቸው ይናገራሉ። እንዲህ ያለ ወረቀት አስቀምጠው እንደሆነ ልጠይቃቸው እወዳለሁ።

አሁን ወደ ሊቃውንቱ። ጸሐፊው የኤድዋርድ ቶርንዳይክን «የውጤት ሕግ» ይጠቅሳሉ፤ ደስታን ያስከተለ ድርጊት ይጠነክራል፣ ሥቃይን ያስከተለ ይዳከማል የሚለውን። እውነት ነው፤ ቶርንዳይክ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድመቶችን ሳጥን ውስጥ እየዘጋ መውጫውን እንዴት እንደሚማሩ ሲያጠና የፀነሰው ሐሳብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1911 ባሳተመው ሥራውም ሁለቱን ወገኖች እኩል አድርጎ አስቀምጧቸዋል። ጸሐፊው እዚህ ላይ መጽሐፉን ከደኑት። ቶርንዳይክ ግን አልከደነውም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሰዎችን የማያውቁትን ቋንቋ ቃላት ትርጉም እያስመረጠ፣ ምርጫቸውን «ልክ» ወይም «ስሕተት» እያለ ሞከረ። ልክ የተባለው ምርጫ ይደጋገማል፤ ስሕተት የተባለው ግን ይህ ነው የሚባል መቀነስ አላሳየም። ስለዚህ የሕጉን ሁለተኛ ክንፍ ራሱ ባለቤቱ ቆረጠው። «ስሕተት» የምትል ቃል ከዱላ ጋር እንደማትተካከል አውቃለሁ፤ ኋላ የመጡ ተመራማሪዎችም በዚህ ነቅፈውታል። ነገር ግን ምስክር ብለው የጠሩትን ሰው የመጀመሪያ ቃሉን መዝግቦ የኋለኛውን መተው ፍርድ ቤት ቢሆን ያስጠይቃል።

ስኪነርማ ጭራሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተመው ሥራው ያቀረበው ሙከራ እንዲህ ነበር። አይጦች ዘንግ ሲጫኑ ምግብ እንዲያገኙ አስለመዳቸው። ቀጥሎ ምግቡን አቋረጠ። ከአይጦቹ ግማሾቹ ግን ዘንጉን በተጫኑ ቁጥር ዘንጉ ራሱ ወደ ላይ እየተወረወረ መዳፋቸውን እንዲመታ አደረገ፤ ይህም ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ። እውነትም የተመቱት መጫን ቀነሱ። ምቱ ሲቆም ግን ቀስ በቀስ ተመለሱበት፤ ሁለተኛው ቀን ሲያልቅ ፈጽሞ ካልተመቱት እኩል ተጭነው ነበር። ምቱ ድርጊቱን አዘገየው እንጂ አልነቀለውም። ስኪነር ከዚያ በኋላም ዕድሜውን ሙሉ ልጅ በሽልማትና በማበረታቻ ይማር እያለ ቅጣትን ሲቃወም የኖረ ሰው ነው። እርሱን ለዱላ መጥራት የተከሳሽን ምስክር ለከሳሽ እንደ ማቆም ነው።

እዚህ ላይ ጸሐፊውን ልርዳቸው፤ ከስኪነር የተሻለ ምስክር ነበራቸው። ናታን አዝሪንና ዊልያም ሆልዝ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተሙት ሰፊ ሥራ ቅጣት በእርግጥ ጠባይን ሊገታ፣ አንዳንዴም ፈጽሞ ሊያጠፋ እንደሚችል አሳይተዋል። ስለዚህ «ቅጣት በጭራሽ አይሠራም» የሚሉ የሙያ ባልደረቦቼም ልክ አይደሉም። ጥያቄው ግን መቼ ይሠራል የሚለው ነው። ቅጣቱ ድርጊቱን ወዲያው ሲከተል፤ አንድም ጊዜ ሳይዘል ሲከተል፤ ከመነሻው ብርቱ ሲሆን፤ ማምለጫ ሲያጣ፤ ተቀጪውም የሚፈልገውን ነገር የሚያገኝበት ሌላ መንገድ ሲኖረው። ጀበናው ለምን አስተማሪ እንደሆነ አሁን ይገባናል። ወዲያው ይፈጃል፣ ሁልጊዜ ይፈጃል፣ ከመጀመሪያው ይፈጃል።

እኛስ? ዓርብ የተጣላ ልጅ ሰኞ ከሰልፍ በኋላ ይገረፋል። ሪቻርድ ሰለሞንና ባልደረቦቹ ቡችሎችን የተከለከለ ምግብ ሲነኩ በተጠቀለለ ጋዜጣ እየመቱ ባደረጉት ጥናት፣ ምቱ ሰከንዶች ብቻ ሲዘገይ እንኳ ቡችላው ማንም በሌለበት ራሱን የመግታት አቅሙ እጅግ ይዳከም ነበር። እኛ የምናዘገየው በቀናት ነው። «ልጅ ግን ቋንቋ ይሰማል፤ ለምን እንደተገረፈ ይነገረዋል» ሊሉኝ ይችላሉ። ልክ ነው። ቋንቋ ከሰማ ግን ዱላውን ለምን ፈለጉት?

ብርታቱን ደግሞ ተመልከቱ። እኛ የምንጀምረው በግልምጫ ነው፤ ከዚያ ጆሮ፣ ከዚያ ቁንጥጫ፣ ከዚያ አርጩሜ፣ እምቢ ሲል የጎማ ቁራጭ። አዝሪን እንዳሳየው ከትንሽ ተነሥቶ ቀስ በቀስ የሚከብድ ቅጣት ፍጡሩን ያለማምደዋል፤ ከመጀመሪያው ቢያገኘው የሚያቆመውን ሕመም ደረጃ በደረጃ ሲመጣበት ይሸከመዋል። በእኛ ቤት «ቆዳው ደነደነ» የምንለው ይህንን ነው። እንግዲህ ሳይንሱን እንከተል ከተባለ መንገዱ የመጀመሪያውን ጥፋት በከባድ ድብደባ መጀመር ነው። ይህንን ጸሐፊውም አይሉም፤ ደግ ሰው መሆናቸውን አውቃለሁ። ግን እዚህ ላይ የሚይዙት መካከለኛ መንገድ የለም። ሳይንሱ የሚጠይቀውን ምት ሕሊናቸው አይፈቅድም፤ ሕሊናቸው የሚፈቅደው ምት ደግሞ ያለማምዳል እንጂ አይገታም።

አንድ ነገር ቀረብ አድርጌ ላሳይ፤ ስለ አርፋጆች ነው። ጸሐፊው «በር ላይ የሚቀጣ አርፋጅ ሰዓት ማክበር ይማራል» ብለዋል። አንድ ትምህርት ቤት ነበር፤ ሁለት ሰዓት ሲሞላ በሩ ይዘጋል። የደሴን ማለዳ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ ከፊት የሚሄደው ሰው አይታይም፤ ብርዱም ጣት ያደነዝዛል። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ ነበረች፣ ከዳገቱ በኩል የምትመጣ። ውኃ ቀድታ፣ ታናናሾቿን ቁርስ አብልታ ነው ከቤት የምትነሣው። ቁልቁለቱን በሩጫ ትወርዳለች፤ በሩ ላይ ተረኛው መምህር ይጠብቃታል። ጠጠር ላይ በጉልበት፣ ከዚያ በበረደ መዳፍ ላይ ሁለት አርጩሜ። ተረኛው አንዳንዴ እኔ ነበርኩ።

አሁን እንደ ባህሪ አጥኚ እናስብ። ያረፈደችው የት ነው? ገና ሲነጋ፣ እቤቷ፣ ከእንስራው አጠገብ ነው። አርጩሜው ሲያርፍባት፣ ከዚያ ከአንድ አፍታ በፊት እያደረገች የነበረው ምንድን ነው? ወደ ትምህርት ቤት እየገባች ነበር። የተቀጣውም ይህ ድርጊት ነው። ጸሐፊው እንዳሉትም ቅጣቱ ሠራ፤ የተቀጣው ድርጊት ቀነሰ። ሰዓቱ እንደረፈደ ስትጠረጥር ከግማሽ መንገድ መመለስ ጀመረች። ኅዳር ላይ በሳምንት ሁለት ቀን ትቀር ነበር። ከፋሲካ በኋላ አልመጣችም፤ በመዝገቡ ላይ «አቋረጠች» ተብሎ ተጻፈ። የአርፋጆች ቁጥር በዚያ ዓመት ቀንሶ ነበር፤ በሰኔው ስብሰባ ላይ ለተረኛ መምህራን ምስጋና ቀርቧል። እኔም አጨብጭቤአለሁ።

ስለ ማምለጫው ብዙ ማለት አያስፈልግም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሀረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት የወረደ ሰው ሁሉ አይቶታል። ሹፌሩ ትራፊክ ፖሊስ የሚቆምበትን ጥምዝ ያውቃል፤ ሊደርስ ሲል ፍሬን ይይዛል፤ የማያውቅ ቢሆን እንኳ ከታች የሚመጣው መኪና መብራቱን ብልጭ አድርጎ ይነግረዋል። ጥምዙን ሲያልፍ እንደገና ይለቀዋል። ገደሉ ግን ከጥምዙ በኋላም አለ። የተገረፈ ክፍልም እንዲሁ ነው፤ የመምህሩ ጫማ ኮቴ በአገናኝ መንገዱ እስኪርቅ ብቻ ነው ጸጥ የሚለው።

ጸሐፊው በመሐል «አሉታዊ ማጠናከሪያ» የሚለውን ቃል አንሥተው «ልጅን በክፉ ነገር ማበረታታት» ብለው ፈትተውታል። ይህም ያው የምልክት ስሕተት ነው፤ ግን እዚህ ላይ ቆም ቢሉ ኖሮ የጽሑፋቸውን መልስ ራሳቸው ባገኙት ነበር። አሉታዊ ማጠናከሪያ ማለት አንድ የሚያስጨንቅ ነገር በድርጊታችን ምክንያት ሲወገድልን ያ ድርጊት የሚጠናከርበት መንገድ ነው። በክረምት ጃንጥላ ስንዘረጋ ዝናቡ ይቀርልናል፤ ስለዚህ ነገም እንዘረጋለን። ቅጣት አይደለም፤ ድርጊትን ያበዛል እንጂ አይቀንስም።

አሁን ክፍል ውስጥ እንግባ። ስድስተኛው ክፍለ ጊዜ ነው። 64 ልጆች፣ ሦስት ሦስት ሆነው በአንድ ዴስክ ላይ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ከኋላ የሚስቁ አሉ፤ አንዱ የአንዱን ደብተር ቀምቶ ይታገላል። ድምፄ ደክሟል፤ የማከፋፈልን ምሳሌ ለሦስተኛ ጊዜ እየደገምኩ ነው። አርጩሜዋን አነሣለሁ፤ አንዴ ጠረጴዛው ላይ፣ አንዴ በቅርብ ያገኘሁት ልጅ ትከሻ ላይ። ጸጥ። ወዲያው፣ በቅጽበት፣ ዝናቡ ብቻ እስኪሰማ ድረስ። ትከሻዬ ይወርዳል፤ ጠመኔዬን አነሣለሁ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ጫጫታው ይመለሳል። እኔም አርጩሜዋን አነሣለሁ።

በዚህች ክፍል ውስጥ በሚገባ የተማረው ማን ነው? የሚያስጨንቀኝ ጫጫታ በመታሁ ቁጥር፣ ወዲያው፣ ሳያስተጓጉል ይወገድልኝ ነበር። ጠባይ እንዲጠናከር ከዚህ የተሻለ ሁኔታ የለም። የልጆቹን ጠባይ የምለውጥ መስሎኝ የተለወጠው የእኔ ነው፤ ዓመት ከዓመት በቶሎ የምመታ ሰው ሆንኩ። አንጋፋ መምህር «ዱላ ይሠራል» ሲል አይዋሽም፤ ለእርሱ በእርግጥ ሠርቶለታል። የሚሠራለትን ያየው ግን በአሥር ደቂቃ ሚዛን እንጂ በወረቀቶቹ ሚዛን አይደለም። ከጽሑፋቸው ውስጥ አንድ ነገር ብቻ እንዲያስቡበት ብለምናቸው ይህንን እለምናቸዋለሁ።

«እኛ ተገርፈን ሰው ሆነናል» ለሚለው አጭር መልስ አለኝ። ሰው የሆነው መስካሪ ሆኖ የቀረበው ብቻ ነው። ከእኔ ጋር በአንድ ዴስክ የተቀመጠው ልጅ ሒሳብ ከእኔ ይልቅ ይችል ነበር። አባቱ ሲያስመዘግቡት «ዓይኑን ብቻ አደራ» ብለው ነበር ያስረከቡት፤ አደራውም ተጠበቀ፤ ዓይኑ አልተነካም። በስድስተኛ ክፍል አጋማሽ ጠፋና ኮምቦልቻ ወርዶ ጋራዥ ገባ። ዛሬ የራሱ ጋራዥ አለው፤ ደህና ይኖራል፤ ለክርክሬ እንዲመች ብዬ አላሳዝነውም። ግን ያን ጊዜ ከወጣ ወዲህ ወደ ትምህርት ቤት አልተመለሰም። ልጁን ሊያስመዘግብ የመጣ ቀን በአጋጣሚ አየሁት። ፎርም ሞልቶ ሲጨርስ ከግቢው በር አላለፈም። «አንቺ ግቢ» ብሎ ሚስቱን ላካት፤ እርሱ መኪናው ዘንድ ቆሞ ጠበቀ። «ምነው አትገባም?» አልኩት። ሳቀ። «ይኼ በር ይጨንቀኛል» አለኝ።

ቅጣትን መፍራት የአክብሮት መጀመሪያ ነው ለተባለው ይህ በቂ መልስ ይመስለኛል፤ ግን ሳይንሱን ስለጠሩት ልጨምር። ጆን ዋትሰንና ሮዛሊ ሬይነር እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተሙት፣ ዛሬ ማንም የማይፈቅደው ሙከራ፣ አልበርት የተባለ ሕፃን ነጭ አይጥ ሲነካ ከጀርባው የብረት ዘንግ በመዶሻ እየመቱ አስደነገጡት። ሕፃኑ አይጡን መፍራት ጀመረ። ነገሩ ግን በአይጥ አልቆመም፤ ጥንቸሉንም፣ ውሻውንም፣ የፀጉር ካፖርቱንም ፈራ። ፍርሃት የተላከበት ቦታ ላይ ብቻ አያርፍም። እኛ ማርፈድን እንዲፈራ ብለን የምንልከው ፍርሃት በጠመኔው ሽታ፣ በሒሳብ መጽሐፉ ሽፋን፣ በመምህሩ ካፖርት፣ በበሩ ላይ ያርፋል። ተማሪ መምህር ሲያይ መንገድ ሲሻገር «ያከብረኛል» የምንል ብዙ ነን።

ከላቦራቶሪ ወጥተን ወደ ቤተሰብ ስንመጣም ሥዕሉ አይሻሻልም። ኤሊዛቤት ገርሾፍና አንድሪው ግሮጋን ኬይለር እ.ኤ.አ. በ2016 ከ160 ሺህ በላይ ልጆችን ያካተቱ 75 ጥናቶችን ሰብስበው መርምረዋል። ያዩት ከባዱን ድብደባ አይደለም፤ ወላጅ በእጁ መዳፍ የሚመታውን ነው። በብዛት የተመቱት ልጆች ይበልጥ ጠበኞች፣ ይበልጥ አስቸጋሪዎች ሆነው ተገኙ። እዚህ ላይ ጸሐፊው «አስቸጋሪ ስለሆኑ ነው የተመቱት» ብለው ሊከራከሩ ይችላሉ፤ ተቃውሞው በተመራማሪዎችም ዘንድ የሚነሣ የማይናቅ ተቃውሞ ነው። ግን እንዲህ ሲሉም አንድ ነገር ተቀብለዋል፤ ምቱ አስቸጋሪነቱን አላቆመውም።

የሃይማኖት ጥቅሶቻቸውን ለሊቃውንቱና ለዑለማዎቹ እተዋለሁ። ሕጉንም ባጭሩ ላንሣው፤ እርሳቸው «ከውጭ የመጣ» ያሉት ክልከላ በ1987 ዓ.ም. በጸደቀው የራሳችን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ላይ ያለ ነው፤ ልጆች በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት አላቸው።

ዱላ ከትምህርት ቤት ከወጣ ወዲህ ተማሪው መረን ወጣ ይላሉ። ከየትኛው ትምህርት ቤት ነው የወጣው? አድራሻውን ቢነግሩኝ ልጄን ወደዚያ አዛውር ነበር። በደንብ ወረቀት ላይ ወጥቷል፤ በጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ግን ዛሬም አለ። ይህን ካልኩ በኋላ አንድ ሐቅ ልመንላቸው። መምህሩ «አትምታ» ተባለ እንጂ በምትኩ ምን እንደሚያደርግ ያሳየው የለም። 60 እና 70 ልጅ ያለበትን ክፍል ባዶ እጁን እንዲይዝ ነው የተተወው። በዚህ ላይ ምሬታቸው ምሬቴ ነው። ጠባይን ያለ አንዳች ምላሽ መተውም መፍትሔ አይደለም፤ ጥፋት ዋጋ ሊኖረው ይገባል።

ዋጋው ግን ዱላ ብቻ አይደለም፤ በመጨመር መቅጣትም ቢሆን ዱላ ብቻ አይደለም። አዝሪን ራሱ በኋላ ከሪቻርድ ፎክስ ጋር ያዳበረው ዘዴ አጥፊው ያበላሸውን እንዲያቃና፣ ከዚያም አልፎ እንዲያሻሽል የሚያደርግ ነው። ግድግዳ ላይ የሞነጫጨረ ልጅ የሞነጫጨረውንም ያልሞነጫጨረውንም ግድግዳ ያጥባል። ሥራው ይከብደዋል፤ ግን ከጥፋቱ ጋር ይያያዛል፤ ሲጨርስም ግድግዳው ንጹሕ ነው።

ከወረቀቶቹ በኋላ በነበረው ዓመት ያው ክፍል አብሮኝ ወደ ስምንተኛ አለፈ። ለክፍል አለቃው የረባሽ ስም እንዳይጽፍ ነገርኩት፤ ይልቁንም በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ሥራ የጀመሩትን እንዲጽፍ። አለቃው ሥልጣኑ የተቀነሰበት መስሎት ለሳምንት አኮረፈኝ። ከዘጠኙ አንዱን ግን ያኔ ገና አየሁት። ይህ ልጅ የሚረብሸው ሁልጊዜ ወደ ሰሌዳ የሚወጣበት ተራ ሲቃረብ ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ሁለት አርጩሜ ሰጥቼ «ውጣ!» ስለው ኖሬአለሁ። ማካፈል አይችልም ነበር። 63 ልጆች ፊት ቆሞ መሳቂያ ከመሆን ሁለት አርጩሜ ይረክስለታል፤ ውጭ መውጣቱ ደግሞ ምርቃት ነው። እኔ ቅጣት ያልኩት ለእርሱ መዳኛው ነበር። ሰሌዳ ላይ ማውጣቱን ትቼ በረፍት ሰዓት ማካፈልን ከአራተኛ ክፍሉ ጀምሬ አስተማርኩት። ኅዳር ላይ እጁን አወጣ።

ሌሎቹም በየምክንያታቸው ነበሩ፤ አንዱ በአንድ ወር፣ ሌላው ከብዙ ጊዜ በኋላ መረበሹን ተዉ። ሁለቱን ግን በዱላም ያለ ዱላም አልቻልኳቸውም። ጸሐፊው ለእነርሱ የሚሆን መንገድ በ40 ዓመት ውስጥ አግኝተው ከሆነ፣ ቀጣዩን ጽሑፋቸውን ስለዚያ ቢጽፉልን ከልቤ አነባለሁ።